በጠረጴዛ ላይ የሰፈረው የዋተርሉ ማሳ

ከዋተርሉ ጦርነት 19 ዓመታት በኋላ፣ በ1834፣ በጦርነቱ ተሰልፈው ከሞት የተረፉ የእንግሊዝ ጦር መኮንኖች አንድ ደብዳቤ ደረሳቸው። ከደብዳቤው ጋር የውጊያው ሜዳ ካርታ ተያይዟል። ጥያቄዎቹም እነዚህ ነበሩ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ የእርስዎ ጦር የት ቆሞ ነበር? አሰላለፉስ እንዴት ነበር? ፊት ለፊት የነበረው የጠላት ጦር በምን ዓይነት አሰላለፍ ይገኝ ነበር? ከእነዚህ ቀጥሎ ግን ወታደር ከወታደር የማይጠብቀው፣ ገበሬ ቢጠይቀው የማያስገርም ጥያቄ ሰፍሯል፤ የቆማችሁበት ማሳ ምን ዓይነት ሰብል ነበረበት? በዚያ ሰዓትስ ሰብሉ በምን ሁኔታ ላይ ነበር?

ጠያቂው ዊልያም ሲቦርን የተባሉ የጦር መኮንን ናቸው። ሰብሉን ማወቅ የፈለጉት እያንዳንዳቸው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያላቸውን 75 ሺህ ያህል ጥቃቅን የወታደር ቅርጾች የሚያቆሙበት መሬት እየሠሩ ስለነበር ነው። ከቆርቆሮና ከእርሳስ ቅይጥ የተሠራው እያንዳንዱ ቅርጽ ከሽምብራ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ሥራው ዛሬ በለንደን ከተማ ቼልሲ በተባለው ሰፈር፣ በብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ውጊያው የተካሄደበት ጁን 18 ቀን 1815 ግን በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 12 ቀን 1807 ዓ.ም. ላይ ይውላል። ሰኔ በእኛ አገር የማረሻና የዘር ወር ነው። በቤልጂየም ደግሞ በመከር የተዘራው እህል ቁመቱን ጨርሶ ዘለላ የሚያወጣበት ጊዜ ነው። የዚያን ቀን ታሪክ ከማሳው መለየት የማይቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥቃቅን የእግረኛ ቅርጾችን በጠረጴዛ ላይ አሰልፎ ያለፈን ጦርነት እንደገና መጫወት በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ተከታይ ያለው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ገበጣን ወይም ሰንጠረዥን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ ሰሌዳው ላይ ነው። የሰንጠረዥ ሰሌዳ ኮረብታ የለውም፤ ዝናብ አይዘንብበትም፤ ፈረሱ ጭቃ አይዘውም። በጦርነት ጨዋታ ግን ጠረጴዛው ራሱ አገር ነው። ተረተር፣ ጅረት፣ የእርሻ ግቢ፣ አጥርና ማሳ ይሠራለታል። ተጫዋቾች ጦራቸውን በሜትር እየለኩ ያንቀሳቅሳሉ። የተኩሱ ውጤት የሚወሰነውም በዳይስ ነው።

ጨዋታው ወደ ጦር ሠራዊት የገባው በፕሩሲያ ነበር። ራይስቪትዝ የተባሉ ወጣት መኮንን አባታቸው የጀመሩትን የጦርነት ጨዋታ አሻሽለው በ1824 ለፕሩሲያ ጄኔራል ስታፍ አቀረቡ። ሰሌዳው እውነተኛ ካርታ ሲሆን ጦሮቹ በትናንሽ ቁርጥራጮች ይወከሉ ነበር። የስታፉ ሹም ጄኔራል ሙፍሊንግ በጥርጣሬ ማየት ቢጀምሩም ወዲያው ወደዱት፤ ለመኮንኖች ማሠልጠኛ እንዲሆንም አዘዙ። እኒህ ሙፍሊንግ ከዘጠኝ ዓመታት በፊት በዋተርሉ ከእንግሊዙ አዛዥ ከዱክ ዌሊንግተን ጎን ሆነው የሁለቱን ጦሮች ግንኙነት ያስተባበሩ ሰው ናቸው። ጨዋታውን ከጦር ሰፈር አውጥተው ወደ ቤት ምንጣፍ ያወረዱት ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ ሲሆኑ፣ በ1913 ባሳተሙት ትንሽ መጽሐፍ በአሻንጉሊት ወታደሮችና በስፕሪንግ በሚተኩስ መድፍ የሚካሄድ ጨዋታ ሕግ አውጥተዋል።

ዛሬ የሚሸጡት ቅርጾች አሠራር የአንጥረኛን ሥራ ያስታውሳል። ቀራጩ በመጀመሪያ አንድ ወታደር በሚጠነክር ሊጥ መሰል ነገር ይቀርጻል። ያ ናሙና በሁለት ክብ የጎማ ፎርማዎች መካከል ገብቶ በሙቀትና በግፊት አሻራውን ያትማል። ከዚያም ፎርማው በፍጥነት እየተሽከረከረ የቀለጠ ቆርቆሮ በመሐሉ ይፈስስበታል። የሚሽከረከረው ኃይል ብረቱን ወደ ጠርዝ እየገፋ እስከ ጠመንጃው አፈሙዝ ድረስ ይሞላዋል። ቆርቆሮ በ232 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚቀልጥ ይህን ለመሥራት ትልቅ ማቅለጫ አያስፈልግም። እርሳስ መርዛማ በመሆኑ ብዙ አምራቾች ከቅይጡ አስወጥተውታል። በፕላስቲክ የሚሠሩም አሉ፤ ነገር ግን የብረት ፎርማቸው ውድ ስለሆነ የሚያዋጣው በብዛት ለሚያመርት ብቻ ነው።

ቅርጹን መሥራት ግን ከሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ችግሩ የሚጀምረው ወታደሩ መሬት ላይ ሲቆም ነው።

በጣም የተለመደው የዘመኑ እግረኛ ቁመቱ 28 ሚሊ ሜትር ነው። ይህም ማለት እውነተኛው ሰው ስልሳ ጊዜ ያህል አንሷል ማለት ነው። የዚያ ዘመን ጠመንጃ በአንድነት ሲተኮስ ጉዳት የሚያደርሰው እስከ 100 ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱም በዚያው ልክ ስልሳ ጊዜ ቢያንስ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይሆናል። የተለመደው የጨዋታ ጠረጴዛ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ80 ገደማ ነው። አንድ እግረኛ ከጠረጴዛው ጫፍ ሆኖ ሌላው ጫፍ ድረስ ይተኩሳል ማለት ነው፤ ለኮረብታና ለማሳ የሚተርፍ ቦታ የለም። ስለዚህ መሬቱ ከሰዉ ይበልጥ እንዲያንስ ይደረጋል። በምትኩ አንድ ቅርጽ ብዙ ወታደሮችን ይወክላል። አንዱ ለ20 የሚቆምበት ስሌት የተለመደ ሲሆን፣ በዚህም 600 ወታደሮች ያሉት ሻለቃ በ30 ቅርጾች ይሰለፋል።

ሲቦርን ይህንኑ ችግር ቀድመው አግኝተውታል። መሬታቸውን 590 ጊዜ ያህል አሳንሰው ሠሩት። ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው የውጊያ ሜዳ እያንዳንዱ ጎኑ 6 ሜትር በሚጠጋ ጠረጴዛ ላይ ሰፈረ። በዚያ ልክ አንድ ሰው ቢሠራ 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የሰሊጥ ፍሬ ማለት ነው። የሰሊጥ ፍሬ ጠመንጃ መያዙን ማንም አያይለትም። ስለዚህ ወታደሩን ከመሬቱ ሦስት እጥፍ አስረዝመው አንዱ ቅርጽ ለሁለት ሰው እንዲቆም አደረጉ።

የእግረኛው አቋቋምም ትርጉም አለው። የእንግሊዝ እግረኛ በሁለት ረድፍ ቀጥ ብሎ የሚሰለፈው ሁሉም ጠመንጃ በአንድ ጊዜ እንዲተኩስ ነው። ፈረንሳዮች ወደፊት ሲገፉ ጥቅጥቅ ባለ ረጅም ሰልፍ ይመጣሉ፤ ግፊታቸው ያስፈራል፣ ነገር ግን መተኮስ የሚችሉት ከፊት ያሉት ብቻ ናቸው። ፈረሰኛ ሲመጣ እግረኛው አራት ማዕዘን ሠርቶ፣ የፊተኛው ረድፍ ተንበርክኮ ሳንጃውን ወደ ውጭ ይመክታል። በዋተርሉ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ የፈረንሳይ ፈረሰኞች በእነዚህ አራት ማዕዘኖች ላይ ደጋግመው ቢወርዱም አንዱንም ሊሰብሩ አልቻሉም። አምራቾች የሚራመድ፣ የሚያነጣጥርና የሚንበረከክ እግረኛ ለየብቻ የሚሸጡት ለውበት ብቻ አይደለም።

ወደ ማሳው እንመለስ። ከውጊያው በፊት በነበረው ከሰዓት በኋላና ሌሊቱን ሙሉ ኃይለኛ ዝናብ ወርዷል። በማግስቱ ናፖሊዮን መድፎቻቸውን ለማንቀሳቀስ መሬቱ ትንሽ እስኪጠነክር መጠበቅ ነበረባቸው፤ ውጊያው የተጀመረው ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በጠንካራ መሬት ላይ የመድፍ አረር እየነጠረ ብዙ ሰው ይመታል። በጭቃ ላይ ግን ይሰጥማል። ጥቁር አፈር በክረምት ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ አራሽ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ነገር ሰብሉ ነው። በአካባቢው ከስንዴና ከማገጥ ሌላ ራይ የሚባል የስንዴና የገብስ ዘመድ የሆነ እህል በስፋት ይዘራ ነበር። የዚያ ዘመን ራይ ከሰው ትከሻ በላይ የሚረዝም ነው። ዛሬ የምናያቸው አጭር አገዳ ያላቸው የስንዴ ዝርያዎች ማዳበሪያ ሲበዛባቸው እንዳይወድቁ ተብለው በኋላ የተዳቀሉ ናቸው፤ ስለዚህ የአሁኑን ማሳ አይቶ የዚያን ጊዜውን መገመት ያሳስታል። ከዋተርሉ ሁለት ቀን በፊት ካትር ብራ በተባለ ቦታ በተደረገው ውጊያ ራዩ የፈረንሳይ ፈረሰኞችን ሸፍኗቸው ስለነበር 69ኛው የእንግሊዝ እግረኛ ክፍለ ጦር አራት ማዕዘኑን ሳይጨርስ ደረሱበት፤ ተበታትኖም አንዱን ሰንደቁን ተነጠቀ። የሰብሉ ቁመት የሰው ሕይወት ዋጋ ነበረው። ሲቦርንም የጠየቁት ይህን ስለተረዱ ይመስላል። የእግረኛና የፈረሰኛ እግር ቀኑን ሙሉ ከረገጠው በኋላ የትኛው ማሳ ጭቃ እንደሆነ፣ የትኛው ገና እንደቆመ ካላወቁ ወታደሮቻቸውን ከምን መሐል እንደሚያቆሙ አያውቁም።

ሲቦርን ራሳቸው በዋተርሉ አልተዋጉም። በ1815 ገና ወጣት መኮንን የነበሩ ሲሆን ፈረንሳይ የደረሱት ከውጊያው በኋላ ነው። በ1830 የጦር ሠራዊቱ ጠቅላይ አዛዥ ሎርድ ሂል ሞዴሉን እንዲሠሩ ሲያዟቸው ወደ ቤልጂየም ሄደው ላ ኤ ሳንት በተባለው የእርሻ ግቢ ስምንት ወር ተቀመጡ። ይህ ግቢ በውጊያው ሜዳ መሐል የሚገኝ ሲሆን፣ ከእንግሊዝ ጎን የተሰለፉ የጀርመን እግረኞች ጥይት እስኪያልቅባቸው ድረስ የተከላከሉት ነው። ከዚያ እየወጡ ተረተሩን፣ ተዳፋቱንና መንገዱን አንድ በአንድ ለኩ።

ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ሜዳው ተለውጧልና። የኔዘርላንድስ ንጉሥ ልጃቸው በቆሰሉበት ቦታ የመታሰቢያ ጉብታ አሠርተው በ1826 ተጠናቋል። ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ጉብታ አፈሩ የተዛቀው ከዚያው ከእንግሊዝ ጦር ተረተር ላይ ነው። የተዛቀው መሬት የቀድሞ ቅርጽ ዛሬ በመስክ ላይ አይታይም፤ የሲቦርን ሞዴል ግን ጉብታው ሳይኖር የነበረውን ሜዳ ያሳያል።

መንግሥት ሥራውን ጀምሮ በ1833 ገንዘቡን አቋረጠ። ሲቦርን ግን አላቋረጡም፤ ተበድረው ቀጠሉ። ደብዳቤዎቹን የጻፉት በዚህ ጊዜ ነው። ብዙ መቶ መልሶች መጡላቸው። አንዳንዱ መኮንን በካርታው ላይ ጦሩን አስምሮ መለሰ፤ ሌላው ጭስና ግርግር ስለነበር ብዙ አላየሁም አለ። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የጦርነት ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው ከአዛዡ ሪፖርት ነበር። ሲቦርን ግን በየረድፉ ቆመው የነበሩትን መኮንኖች ጠየቁ። ተራውን ወታደር አለመጠየቃቸው ጉድለት ቢሆንም፣ ለዘመኑ አዲስ መንገድ ነበር።

አዲሱ መንገድ ግን ዱክ ዌሊንግተንን አላስደሰተም። ዱኩ ከጦርነቱ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ በጻፉት ደብዳቤ ውጊያን ከዳንስ ድግስ ጋር አመሳስለው፣ ትንንሹን ነገር የሚያስታውስ ቢኖርም መቼና በምን ቅደም ተከተል እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው የለም ብለው ነበር። ይህ መከራከሪያ እንዲሁ የሚጣል አይደለም። ከ19 ዓመት በኋላ ከምሽቱ 1 ሰዓትን ከ12 ሰዓት ተኩል ለይቶ የሚያስታውስ ማን ነው? ነገር ግን ጉዳዩ ሰዓት ብቻ አልነበረም። ሲቦርን ከፕሩሲያ ጄኔራል ስታፍም መረጃ ጠይቀው ነበር። በመጣላቸው መረጃ መሠረት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የማርሻል ብሉሸር የፕሩሲያ ጦር በብዛት ደርሶ ፕላንስኖዋ በተባለው መንደር በኩል ከፈረንሳዮች ጎን ገብቶ ይዋጋ ነበር። ይህን በቅርጾች ሲያሰልፉት ጠረጴዛው አንድ ነገር ተናገረ፤ ድሉ የእንግሊዝ ብቻ አይደለም።

ሲቦርን የፕሩሲያ ቅርጾችን ቦታ እንዲያስተካክሉ ተነገራቸው። ለጊዜው ተከራከሩ። በመጨረሻ ግን ብዙ የፕሩሲያ ቅርጾችን አነሱ፤ ስህተት እንደነበረባቸው አምነው እንዳደረጉትም ገለጹ። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ዕዳ ያስጨነቀው ሰው በባለሥልጣን ግፊት ያደረገው ነው ይላሉ። የትኛውም ይሁን፣ ወረቀት ላይ ቢሆን ኖሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ተለሳልሶ ያልፍ ነበር። በጠረጴዛ ላይ ግን እግረኛው ወይ ቆሟል ወይ አልቆመም።

ሞዴሉ በ1838 በለንደን ለሕዝብ ቀረበ። መቶ ሺህ ያህል ሰው በነፍስ ወከፍ አንድ ሽልንግ እየከፈለ እንዳየው ይነገራል። ሥራው 3 ሺህ ፓውንድ ያህል ፈጅቷል፤ ከትርኢቱ የተገኘው ገንዘብ ግን ለሲቦርን አልደረሳቸውም። በ1844 የዘመቻውን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ፤ በዚያው ጊዜ የእንግሊዝ ፈረሰኞችን ጥቃት የሚያሳይ ሌላ ሞዴልም ሠሩ። በ1849 ዕዳቸውን ሳይከፍሉ አረፉ። የተሰበሰቡትን ደብዳቤዎች መርጠው በ1891 ያሳተሙት ልጃቸው ናቸው።

ውጊያው በዚያ አንድ ቀን ከ40 ሺህ በላይ ሰው የገደለና ያቆሰለ ነው። የሞቱት የት ደረሱ ለሚለው፣ በ1822 የወጡ የእንግሊዝ ጋዜጦች የግብርና ባለሙያን የሚያስደነግጥ ወሬ ይዘዋል። ከላይፕዚግ፣ ከአውስተርሊትዝና ከዋተርሉ የጦር ሜዳዎች የተሰበሰበ የሰውና የፈረስ አጥንት በመርከብ ወደ ሃል ወደብ እየመጣ፣ በዮርክሻየር ወፍጮዎች ተፈጭቶ ለገበሬዎች እንደሚሸጥ ጽፈዋል። የአጥንት ዱቄት ፎስፈረስ ስላለው ጥሩ ማዳበሪያ ነው። ዜናው በዝርዝሩ ምን ያህል ትክክል እንደሆነ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ በዋተርሉ ሜዳ ላይ የተገኙት ሙሉ አፅሞች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

በ2019፣ በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ፣ ከ20 ሺህ በላይ ባለ 28 ሚሊ ሜትር ቅርጾች የተሰለፉበት ትልቅ የዋተርሉ ጨዋታ ተካሂዷል። ቅርጾቹን በጎ ፈቃደኞች ቀለም ቀብተዋቸዋል። ዓላማው ከዘመናችን ጦርነቶች ቆስለው የተመለሱ ወታደሮችን በዋተርሉ ሜዳ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ላይ እያሳተፈ እንዲያገግሙ ለሚረዳ ድርጅት ገንዘብ ማሰባሰብ ነበር።

በእንዲህ ያሉ ጠረጴዛዎች ላይ የራይ ማሳ የሚሠራበት ዘዴ ሲቦርንን ሳያስደስት አይቀርም። ተጫዋቾች ከኮኮናት ቃጫ የተሠራ የበር ምንጣፍ ገዝተው በማሳ ቅርጽ ይቆርጡታል። ቀጥ ብሎ የቆመው ቃጫ ለ28 ሚሊ ሜትሩ እግረኛ እስከ ትከሻው ይደርሳል። ጦር ያለፈበትን በመቀስ ያሳጥሩታል፤ ወይም ቡናማ ቀለም ቀብተው ያስተኙታል። በብዙ የጨዋታ ሕጎች በረጅም ሰብል ውስጥ ያለ እግረኛ ጠላት ካልቀረበው አይታይም፤ በጭቃ ላይ የሚሄድም ፍጥነቱ ይቀንሳል።

ዋተርሉን ለመጫወት ጠረጴዛ የሚያዘጋጅ ሰው ከማሳው ቀጥሎ አንድ ነገር መወሰን አለበት፤ የፕሩሲያ እግረኞች በስንት ሰዓት፣ በየት በኩል፣ ስንት ሆነው ይገባሉ? የመጀመሪያዎቹ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ውጊያ መግጠማቸው ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን አንዳንዱ በሰዓት ይወስነዋል፤ ሌላው ለዳይስ ይተወዋል። ጥንቃቄ የሚያበዛው ደግሞ የሲቦርንን ደብዳቤዎች አውጥቶ ያነባል።